ጋሽ ልሳኑ ከኋላ ሲመሩ

ከበሮ ነበር የመሰለኝ።

ሁዳዴ ከገባ ሰንብቷል። ጠዋት ነው፣ ግቢ ቆሜ ልብስ አሰጣለሁ። ከጓሮ፣ ከወደ ተራራው ዱም አለ። ዝም አለና ደግሞ ዱም፣ ዱም። ደሜ ፈላ። በሁዳዴ በኛ አገር ከበሮ አይመታም፤ ካህናቱ ራሳቸው ከበሮና ጸናጽሉን አሳርፈው በመቋሚያ ብቻ ነው የሚያዜሙት። ጋሽ ልሳኑ፣ የኋላ ክፍሌን የተከራዩት ሽማግሌ፣ የቅበላ ለት ምሳ ጠርቻቸው «እስከ ትንሣኤ ከበሮዬን አልነካም» ብለው በልጄ ፊት ቃል ሰጥተውኛል። እንግዲህ ቃላቸውን በሉ አልኩ።

«ጋሽ ልሳኑ!» ብዬ ወደ ክፍላቸው ጮህኩ። «ኧረ ስለ ማርያም! ጾም እኮ ነው! ጎረቤቱ ምን ይለኛል?»

«እዚህ ነኝ፣ እታገኘሁ።»

ድምፃቸው የመጣው ከኋላዬ ነው። ዞር ስል ቧንቧው ጋ ቆመዋል። ቢጫ ጀሪካናቸው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፣ አልዘጉትም። እጃቸው ባዶ ነው። ዓይናቸው ተራራው ላይ ነው። ዱምታው ግን አላቋረጠም።

ሰውዬው እዚህ፣ ድምፁ እዚያ። ለትንሽ ጊዜ ሁለቱ አልገጥም አሉኝ።

«እኔ አይደለሁም» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «ከበሮም አይደለም።»

ያኔ ነው ልብሱን መሬት ጥዬ «እመቤት!» እያልኩ ወደ ልጄ የሮጥኩት።

ጋሽ ልሳኑን ሳስባቸው እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚታየኝ ያ ባዶ እጃቸው ነው። አሁን የሉም። ሰኔ ላይ ገነተ ማርያም አርፈው እዚያው አባታቸው አጠገብ ተቀበሩ። በጥይት አይደለም፣ በሕመም ነው። መርዶው የደረሰኝ በስልክ ነው፤ መንገዱ ገና አልተከፈተም ነበርና ለቀብር አልደረስኩም። ከዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ የሬዲዮ ሰው ደወለልኝ። ስልኬን ከየት እንዳገኘው አላውቅም።

«በራሳቸው ስም ስላሳተሟቸው ሥራዎች ይንገሩኝ» አለኝ። «ሸክላዎቹ እርስዎ ጋ ናቸው አሉ።»

ምን ልበለው? ከሽሽት ቤቴ ስመለስ በሩ ተሰብሮ፣ ሻንጣቸው ተከፍቶ ነው ያገኘሁት። ትንሿ ሸክላ ለሁለት ተሰብራለች። ትልቁ ሸክላ የለም፤ ማኅደሩ ግን ወንበር ላይ በደንብ ተቀምጧል። የወሰደው ሰው ሸክላውን መዞ ማኅደሩን ትቶ ሄደ። ማጫወቻ በሌለበት አገር ምን ሊያደርግለት ይሆን? አሁንም ግራ ይገባኛል።

«ጃዝ መሆኑን ያውቃሉ?» አለኝ የሬዲዮው ሰው።

«እሳቸውም እንደዚያ ይሉት ነበር።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚወራው ሁሉ የመጣልኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ እንደማወራው እጽፈዋለሁ።

የመጡ ቀን አንድ ሻንጣና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ክብ ነገር ይዘው ነበር። ክፍሉን አሳየኋቸው፣ ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ፣ ወደዱት።

«ሥራዎ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ከበሮ መቺ ነኝ።»

እኔ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እዚህ ከበሮ መቺ ከተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ሌላ ከበሮ መቺ በሐሳቤም የለ። ነጠላዬን አስተካክዬ ጎንበስ አልኩ።

«የየትኛው ደብር ኖት አባቴ?»

«የየትም።»

«ኧረ እንዴት?»

«አባቴ የገነተ ማርያም መሪጌታ ነበር» አሉ ሻንጣቸውን እያስቀመጡ። «እኔ የሆቴል ነኝ።»

ጎረቤቴ ዘውዴ በአጥሩ ስትሰማ ኖራ ሳቋ መጣ። «እታገኘሁ! ዘንድሮ ሆቴልም ደብር ሆነ?» አለች። ጋሽ ልሳኑም ሳቁ፤ ከፊት ያሉት ጥርሶቻቸው ግማሽ የሉም፣ ሳቃቸው ግን የሃያ ዓመት ሰው ሳቅ ነበር። እኔ ብቻ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ነገር በብረት እግር ላይ የሚቆም ትንሽ ከበሮ ነው። የሚመቱት በዱላ ብቻ አልነበረም። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ እንደ ጭራ የሚዘረጋ መጥረጊያ የመሰለ ነገር ነበራቸው። ብሩሽ ይሉታል። እኔ ምን አውቃለሁ? አንድ ቀን መስኮቱ ላይ አገኘሁትና ሰፌድ ላይ የቀረ በርበሬ ጠረግሁበት። እንዴት ያለ መጥረጊያ ነው! አንዲት ፍሬ ሳያስቀር።

«እታገኘሁ፣ ብሩሼን አይተሻል?»

«የትኛውን?»

«እጅሽ ላይ ያለውን።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ተቀበሉኝና ጉልበታቸው ላይ አራገፉት። ገብተው መጫወት ጀመሩ። አንድ ጊዜ አስነጠሱ። እኔም በር ላይ ቆሜ አስነጠስኩ። «የዛሬው ጃዝ ይለበልባል!» አሉና ቀጠሉ። ልጄ እመቤት ግን ሳል ያዛት።

እመቤት አንድ ልጄ ናት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። አስም አለባት። ደረቷ ሲዘጋ እንደ ድመት ግልገል ነው ድምፁ፤ እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ሰው አይደለሁም። ያን ለት እንደ ልማዴ «ተንፍሺ! ኧረ ተንፍሺ!» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ጋሽ ልሳኑ ከበሮውን አቁመው መጡ። ዝም ብለው አዳመጧት፣ ሐኪም ጀርባ ላይ ጆሮውን እንደሚጥል።

«ይቺ ልጅ ስትተነፍስ ትቸኩላለች» አሉ። «አንቺም ታቻኩያታለሽ።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ጠረግ፣ ጠረግ ማድረግ ጀመሩ። በጣም በዝግታ። ልጄ ዓይኗን እጃቸው ላይ ተከለች። ከዚያ መድኃኒቷን አምጥቼ ሳበችው፣ ተሻላት። የተሻላት በመድኃኒቱ ነው፣ በእጃቸው ነው አላልኩም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በታመመች ቁጥር «ጋሼን ጥሪልኝ» ትለኝ ጀመር።

ስለ ሸክላዎቹ ልናገር። የሬዲዮው ሰው የጠየቀኝ እሱን ነው።

ጋሽ ልሳኑ ከሌላ ሰው ጋር የመቱት ብዙ ነው። ሬዲዮ ተከፍቶ የዱሮ ዘፈን ሲመጣ «ይኼ እኔ ነኝ» ይሉና ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ። እውነትም ከበሮው ከዘፋኙ በላይ ይጮሃል፣ በር እንደሚደበድብ እንግዳ። በራሳቸው ስም የወጡት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። አንዲት ትንሽ ሸክላ፣ አንድ ትልቅ ሸክላና አንድ ካሴት። በትልቁ ማኅደር ላይ «ልሳኑና ጓዶቹ» ይላል፣ ስማቸው ከሁሉ ገዝፎ። ፎቶው ላይ ጎፈሬ ያላቸው አምስት ጎረምሶች አሉ። የሳቸው ከኋላ ግንባራቸውና ጎፈሬያቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ሸክላዎቹን ሰምተናቸው አናውቅም፣ ማጫወቻ የለማ። ካሴቱን በቴፕ ከፈቱልን። እኔ ስማቸው የገዘፈበት ስለሆነ ከበሮው ቤቱን ያፈርሰዋል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። ሳክስፎን መጣ፣ ፒያኖ መጣ። ጠበቅሁ።

«እርስዎ የታሉ?» አልኳቸው።

«ፈልጊኝ።»

ብፈልግ ከሥር፣ ከሩቅ፣ ሽው... ሽው... የሚል ነገር አለ። መሬት በቄጤማ እንደሚጠርግ ሰው። ሌላ ምንም።

«ይኼ ነው? በሰው ዘፈን እንደዚያ እየጮኹ፣ በራስዎ ላይ እንዲህ ዝም?»

«አንቺ ክርስትና ደግሰሽ አታውቂም?»

«እንዴታ! የእመቤትን ደግሻለሁ።»

«ቀድመሽ በላሽ?»

«ኧረ ወዲያ! ባለድግስ ቀድሞ ይበላል? ሰዉ መብላቱን፣ ጠላው መድረሱን እያየሁ ከኋላ ስዞር ውዬ ሳልቀምስ መሸ።»

«እኮ» አሉና ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱት። «በሰው ድግስ ላይ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እጨፍራለሁ። እዚህ ባለድግሱ እኔ ነኝ።»

ስለ ድግስ ያሉት ገባኝ። ስለ ሙዚቃ ያሉት ግን እንጃ።

ካሴቱ ላይ አንድ ቦታ አለ። ሳክስፎኑ ዝግ ብሎ ሲሄድ ይቆይና ድንገት መክለፍለፍ ይጀምራል፣ ውሻ እንዳሳደደው። ፒያኖውም ግር ብሎ ሊከተለው ይላል። ብሩሹ ግን ፍንክች አይልም። ሽው... ሽው...

«እዚህ ጋ ፈራ» አሉኝ።

«ማን?»

«ነፊው። ምሽት ላይ ነው የቀዳነው፣ ያኔ ሰዓት እላፊ የሚባል ነገር ነበር። ሰዓቱ ካለፈ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው አለቀለት። ነፊው ደግሞ ቤቱ እርጉዝ ሚስት ነበረችው። መሸብኝ ብሎ ልቡ ሄደ።»

«እና ለምን አብረው አልሮጡለትም? ጓደኛዎ አይደል?»

«አብሬው ብሮጥ ማን ይመልሰው ነበር?»

እኔ እናት ነኝ፣ ሰው ሲፈራ አብሬ መፍራት ነው የማውቀው። ቴፑ ግን መዞሩን ቀጠለ፤ ሳክስፎኑ ሮጦ ሮጦ እዚያው ብሩሹ አጠገብ መጥቶ ጋደም አለ። እንዴት እንደተመለሰ ለይቼ መናገር አልችልም። መመለሱን ግን ሰማሁ።

«ቤቱ ደረሰ?»

«አልደረሰም። ሁላችንም እዚያው ወለል ላይ አደርን። ሲነጋ ሄደ። ሚስቱም ደህና ነበረች።»

እመቤት ያን ካሴት ወደደችው። ስልኳን ቴፑ አጠገብ ደግና ቀዳችው። እኔ መቅዳቷን መች አውቄ፤ ሳክስፎኑ የሚፈራበት ቦታ ሲደርስ ከግቢ ሆኜ «አንቺ እመቤት! ፍየሏ ጎመኑን ጨረሰችው እኮ!» ብዬ እጮሃለሁ። ተቀዳ። ስሰማው አፈርኩ፣ «አጥፊው» አልኳት።

ጋሽ ልሳኑ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እንዳትነኪው! ስንት ዘመን ዘፋኝ አጥቼ ኖሬ አሁን ተገኘችልኝ!» ከዚያ ወዲህ ውኃ እንኳ ሲጠይቁኝ «ዘፋኟ፣ እስቲ ውኃ» ሆነ።

እንግዲህ ያን ጠዋት።

ማን ማንን እንደሚተኩስ አላውቅም ነበር፤ አሁንም በደንብ አላውቅም። ባሌ ሹፌር ነው፣ ወደ አፋር እንደወረደ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። የእመቤት መድኃኒት ከመድኃኒት ቤቱ ከጠፋ ቆይቷል። ረፋድ ላይ አንዱ የመድፍ ጥይት ከበታቻችን ካለው ማሳ ላይ ወደቀና አቧራው ግቢያችንን ሸፈነው። እመቤት አፏን በነጠላ ይዛ ወጣች፤ ያ የድመት ግልገል ድምፅ ደረቷ ውስጥ ጀምሯል። ሴት ልጅ ናት፣ ወጣት ናት፣ ትንፋሿ አጭር ነው። እዚያው ቤት ልደብቃት ወይስ መንገድ ላይ ልገድላት? ያን ለት የገባሁበት ማጥ ይኼ ነው።

«እህትሽ ኩልመስክ አይደለች?» አሉኝ ጋሽ ልሳኑ።

«ናት። ግን ዳገቱን እንዴት ትወጣዋለች?»

«ቀስ ብላ።»

ቆሎና ውኃ ያዝኩ። እሳቸው የአባታቸውን መቋሚያ ብቻ ይዘው ወጡ።

«ሸክላዎቹስ?»

«ሸክላ መንገድ አይችልም» አሉና በሩን ቆለፉ። ወደ ኋላ ሲያዩም አላየሁ።

«እንግዲህ ከፊት ይሁኑልን ጋሼ፣ ወንድ ኖት።»

«ከበሮ መቺ ከፊት ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ሂዱ፣ እኔ ከኋላ ነኝ።»

እመቤት ከፊት፣ እኔ መሀል፣ እሳቸው ከኋላ ሆነን የገነተ ማርያምን መንገድ ያዝን። ከኋላዬ መቋሚያው ድንጋይ ላይ ቋ ይላል። ቆይቶ፣ ቋ። ሰዉ አህያውን እየነዳ፣ ሕፃኑን አዝሎ ያልፈናል። እኔ ሰው ባለፈን ቁጥር ልጄን ከወገቧ እገፋለሁ። በገፋኋት ቁጥር ደግሞ ከኋላ ያው ቋ፣ ያው ልኩ፣ አይፈጥን አይዘገይ።

«ኧረ ፈጠን በሉ ጋሼ!»

«የት ልንደርስ?»

«እንዴት የት ልንደርስ? ኩልመስክ ነዋ!»

«ኩልመስክ አይሄድም፣ ይጠብቀናል።»

ተናደድኩ። እንዴት ሰው በዚህ ሰዓት ይቀልዳል? አንዲት ሴት ከፊት እየሮጠች መጣች። «ተመለሱ! ከፊት አሉ!» አለች። ሌላው ከኋላ ደርሶ «የምን መመለስ፣ ከኋላ እየመጡ ነው!» አላት። ሁለቱ መንገድ ላይ ቆመው ተጨቃጨቁ። እኔ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አልኩ። እመቤት ፊቷ ገርጥቶ ታየኛለች፣ «የት ልሂድ እማ?» ትላለች።

ቋ፣ አለ ከኋላችን።

ልጄ ፊቷን አዙራ እርምጃዋን ቀጠለች። እኔም ተከተልኳት። ለምን እንደተከተልኳት ዛሬም ብጠየቅ አላውቅም።

ገነተ ማርያም የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የጋሽ ልሳኑ ቁርጭምጭሚት እንደ ዱባ አብጧል፤ መች እንዳበጠ አልነገሩንም። ደጀ ሰላሙ ጥግ አንድ ያረጁ ቄስ ተቀምጠው ስደተኛውን ውኃ ያጠጣሉ። ቀና ብለው ጋሽ ልሳኑን አዩ፣ ደግመው አዩ።

«የመሪጌታ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ አባ።»

«ያ ከበሮ ይሻለኛል ብሎ ድጓውን ጥሎ የጠፋው?»

«እሱው ነኝ።»

«እና፣ ስትመታ ኖርክ?»

«መታሁ አባ። እስክጠግብ መታሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጾም ነው» አሉ ጋሽ ልሳኑ።

ቄሱ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸውም ተቀመጡ። ሲቀመጡ ሳይ ከዚያ ወዲያ እንደማይነሡ ታወቀኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጓዜን ስሸክፍ እግራቸውን በቅጠል አስረውላቸዋል። «ከዚህ በላይ አልችልም እታገኘሁ» አሉኝ። «እናንተ ሂዱ።»

«ያለ እርስዎ?» አልኩ። «ይኼን ዳገት ያለ እርስዎ? ማን ከኋላ ይሆነናል?»

«እመቤት ታውቃለች» አሉ። ልጄን አልመከሯትም፣ አልመረቋትም። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጠረግ አደረጉ። እሷም እንደ እኩያዋ ራሷን ነቀነቀችላቸው። እኔ መሀላቸው ቆሜ ያየሁት ምን እንደሆነ አልገባኝም። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ዞር ስል ከቄሱ ጋር ስለ አንድ የዱሮ የቆሎ ተማሪ እያወሩ ይስቁ ነበር። ያ የመጨረሻው ነው።

ዳገቱ ክፉ ነው። ብርዱ ደረት ይቆርጣል። ከኋላዬ ቋ የሚል የለም፣ ነፋስ ብቻ። ጥቂት እንደወጣን ከወደ ላሊበላ ያ ዱምታ እንደገና ተሰማ። እኔ ያኔ ሰው መሆኔ ቀረ። የልጄን እጅ ይዤ ጎተትኳት። «ቶሎ! ቶሎ በይ እናቴ!» ሮጠች። ምን ታድርግ፣ እናቷ ናት የምትጎትታት። ሮጠች፣ ሮጠችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ያ ድምፅ ደረቷ ውስጥ ሲጮህ ለመንገደኛ ይሰማል። መድኃኒት የለም። ሰው የለም። «ተንፍሺ! ተንፍሺ!» እላለሁ፣ ራሴ ትንፋሼ ተቆርጦ።

እመቤት እጇን ከእጄ አወጣች። መናገር አትችልም። በሌላ እጇ ከቀሚሷ ደረት ስልኳን አወጣች። ማን ሊያነሣላት ነው የምትደውለው ብዬ ግራ ገባኝ። ነካካችውና ነጠላዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ሽው... አለ ከነጠላዋ ውስጥ። ሽው...

ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ደግሞ ላቻኩላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። የዘጋሁበትን ምክንያት አውቄው አይደለም። ያ ብሩሽ እየሄደ «ቶሎ» ማለት ነውር መሰለኝ፣ ዜማ መሀል ገብቶ እንደ መለፍለፍ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳክስፎኑ መጣ። ዱምታው በሩቅ አለ፣ ብሩሹ በቅርብ አለ፤ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ብሩሹም ለዱምታው ደንታ የለውም። ልጄ አንድ ጊዜ አስገባች። አስወጣች። ቆየችና ተነሣች።

ወጣን። ከፊት እሷ፣ ከኋላ እኔ። ሽው ሲል አንድ እግር፣ ሽው ሲል አንድ እግር። ሲያልቅ መልሳ ትከፍተዋለች። ስንት ጊዜ እንደከፈተችው እንጃ። ሳክስፎኑ የሚፈራበት ቦታ በደረሰ ቁጥር የኔም ልብ አብሮ ይከንፋል፤ ያኔ ድምፄ ከነጠላዋ ውስጥ «ፍየሏ ጎመኑን ጨረሰችው እኮ!» ብሎ ይጮሃል። ልጄ መጀመሪያ ፈገግ አለች። በኋላ ሳቀች፣ ሳል ቢቀላቀልበትም ሳቀች። ከፍርሃቱ መሀል ደግሞ ያ ነፊ ተመልሶ መጥቶ ጋደም ይላል፣ ሁልጊዜም ይመለሳል።

በዚያ ዳገት ላይ ማን እንደመራን ብታስቡት እናንተም ግራ ይገባችኋል። እሳቸው ታች ደጀ ሰላም ተቀምጠዋል። የተቀዳበት ምሽት እኔ ገና አልተወለድኩም። ግን ከኋላዬ ነበሩ እላለሁ። ደጋግሜ ዞር ብዬ አይቻለሁ።

ሲመሻሽ የእህቴ ቤት ጭስ ታየን። ውሻው ጮኸ። እህቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ በር ላይ ወጣች፣ አየችን፣ «እሰይ! እሰይ!» እያለች መጥታ እመቤትን አቀፈቻት። ከትከሻዋ በላይ መንገዱን ትመለከታለች።

«ብቻችሁን ናችሁ? ማን አመጣችሁ?»

«ጋሽ ልሳኑ» አልኳት።

እንደገና መንገዱን አየች። ማንም የለበትም። እኔን አየችኝ፣ አብዳለች እንዴ ያለች መሰለኝ። እመቤት ግን ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አሰማቻት። እህቴ ጆሮዋን አስጠግታ ብታዳምጥ፣ ብታዳምጥ፣ «የታሉ? ምንም አልሰማም» አለች።

«ከሥር ናቸው» አለቻት ልጄ፣ ትንፋሿ ሳይቆረጥ። «ፈልጊያቸው።»

ገባን። በሩ ተዘጋ። ተኩሱ እዚህ አይሰማም። ልጄ እሳቱ ዳር ተቀምጣ ትተነፍሳለች።

ደርሰናል። ደህና ነን።